ለስንት ሕፃን ስንት እጅ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አይቅመስ ይላል፤ ለክትባት ጤና ጣቢያ በሄድን ቁጥር የሚነገረንም ይኸው ነው። በአዋጁና በምክሩ መካከል ሦስት ወር ይጎድላል። አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝተኛ እናት የሕፃናት ማቆያ ፍለጋ የምትወጣው በዚህ ጉድለት ምክንያት ነው። ልጇ ገና አንገቱን ማጽናት ጀምሯል፤ አይቀመጥም፣ አይድህም፣ ቀኑን እንዴት እንደዋለ ማታ አይነግራትም። አራት ዓመት የሞላው ልጅ "ሚስ ተቆጣችኝ" ብሎ ወሬ ይዞ ይገባል። የአራት ወሩ ግን አዋቂ አይቶ ካልመሰከረለት ምስክር የለውም።

ለአባት ያው አዋጅ የሰጠው ሦስት ቀን ነው።

*

ብዙዎቻችን ፍለጋ የምንጀምረው ፈቃዱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በዚያ ሳምንት የገባንበት ማቆያ ሁሉ ጥሩ ይመስለናል፤ ጥሩ ካልሆነ የምንሄድበት የለንማ። ማቆያ መታየት ያለበት በእርግዝና ጊዜ ነው፤ "አይሆንም" ብሎ ለመውጣት አቅም ባለበት ሰዓት።

*

ጎብኚ ሲመጣ ቀድሞ የሚታየው ግድግዳው ነው። ሚኪ ማውስ፣ ቀስተ ደመና፣ ቀጭኔ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል። ሥዕሉ የተሣለው ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው። የአራት ወር ሕፃን ቀኑን የሚያሳልፈው በጀርባው ተንጋሎ ወይም በሆዱ ተኝቶ ነው፤ የሚያየውም ኮርኒሱን፣ አምፖሉንና ወደ እሱ ጎንበስ የሚለውን ፊት ነው። ጉብኝት ስሄድ ምንጣፉ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሲታይ ክፍሉ ሌላ ክፍል ነው። በበሩ ሥር የሚገባው ብርድ ይሰማል፤ ምንጣፉ መታጠብ አለመታጠቡ ከሽታው ይታወቃል። ወለሉ አጠገብ ለአዋቂ የሚሆን ዱካ ወይም ትራስ ካለ ልቤ ያርፋል፣ አዋቂ እዚያ ዝቅ ብሎ እንደሚውል ያሳያልና። ያለው መቀመጫ ሁሉ በሩ አጠገብ የተደረደረ የፕላስቲክ ወንበር ከሆነ ግን ሕፃናቱ ከላይ ወደ ታች እየታዩ ነው የሚውሉት።

*

ወላጅ ሁሉ "ስንት ልጆች አሏችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ስለ ማቆያው ገበያ እንጂ ስለ ሕፃኑ ምንም አይናገርም። ጥያቄው "አንዷ ሞግዚት ስንት ሕፃን ትይዛለች?" መሆን አለበት። የእንግሊዝ ሕግ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሦስት ሕፃናት ቢያንስ አንድ ሰው እንዲመደብ ያስገድዳል። በአሜሪካ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበር ደግሞ ለአራት ጨቅላዎች አንድ ሰው፣ በአንድ ክፍልም ከስምንት ጨቅላ እንዳይበልጥ ይላል።

"እነሱ ሀብታም ስለሆኑ ነው" ሲባል እሰማለሁ። ሀብቱን እንተወውና ሰዓቱን ብቻ እንቁጠር። አንድ የአራት ወር ሕፃን ማቆያ በሚውልበት ዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይመገባል። ከጠባ በኋላ እስኪያገሳ ትከሻ ላይ አስደግፎ መቆየትን ጨምሮ አንዱ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ አንድ ሰዓት ሆነ። ዳይፐሩ አራት ጊዜ ቢቀየር፣ አንዱ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ሃያ ደቂቃ ተጨመረ። ሁለት ሦስቴ ለማስተኛት በድምሩ አርባ ደቂቃ ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት ሞላ። ማጫወቱ፣ ማቀፉ፣ እጅ መታጠቡ፣ ጡጦ መቀቀሉ ገና አልተቆጠረም። አራት ሕፃን የያዘች ሴት እንግዲህ የስምንት ሰዓት ሥራ አላት። ስምንት የያዘችው የአሥራ ስድስት ሰዓት ሥራ በዘጠኝ ሰዓት ልትጨርስ ነው። ይህ በደግነት የሚሸፈን ጉድለት አይደለም። ቅድስት ብትሆን እንኳን ከስምንቱ አንዳንዶቹ የሚገባቸውን ሳያገኙ ይውላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም የማያለቅሰው፣ "እሱ እኮ ምንም አያስቸግርም" የሚባለው ነው።

*

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የሚቆጠረው ቁጥር የጉብኝት ሰዓት ቁጥር ነው። ሠራተኞቹ ተራ በተራ ምሳ በሚበሉበት ሰባት ሰዓት፣ ግማሾቹ ቦርሳቸውን ይዘው በሚወጡበት አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንደገና መቁጠር ይገባል።

ሌላም መቁጠሪያ አለ። እሳት ቢነሳ አንዷ ሴት ስንት ሕፃን ይዛ ልትወጣ ትችላለች? አንድ ታዝላለች፣ ሁለት ታቅፋለች። የጨቅላዎቹ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ፣ ደረጃውም ጠባብ ከሆነ፣ ሦስቱም ብዙ ነው።

*

ሠራተኛ ያነሰበትን ማቆያ በአንድ ነገር ለይቼ አውቀዋለሁ፦ በፎጣ ተደግፎ በቆመ ጡጦ። ሕፃኑ በጀርባው ተኝቷል፤ ፎጣ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ተቀምጧል፤ ጡጦው በፎጣው ተደግፎ አፉ ውስጥ ገብቷል፤ ሞግዚቷ ሌላ ልጅ እየቀየረች ነው። ወተቱ ከሚውጠው ፈጥኖ ቢመጣበት ጡጦውን ገፍቶ የሚያወጣበት ጉልበት ገና የለውም። ሊያንቀው ይችላል፤ እንዲህ ተንጋሎ መጥባት ለጆሮ ሕመምም ያጋልጣል። ከዚህ ሁሉ ደግሞ የሚከፋኝ ሌላ ነው፤ ሕፃን ሲመገብ የሰው ዓይን እያየ መሆን አለበት፤ ይህ ግን ፎጣ እያየ ይመገባል። ሴትዮዋን አልቆጣትም። ቀጣሪዋ ያልቀጠረውን ሰው ሥራ በፎጣ እየሠራች ነው።

*

የታለበ የእናት ጡት ወተት በክፍል ሙቀት ለአራት ሰዓታት፣ በፍሪጅ ለአራት ቀናት ይቆያል፤ በረዶ ሆኖ ከቀለጠ በኋላ ተመልሶ በረዶ አይደረግም፤ በማይክሮዌቭም አይሞቅም፣ አንዱ በኩል ፈልቶ ሌላው ቀዝቃዛ እየሆነ አፍ ያቃጥላልና። ይህን የሚያውቅ ማቆያ ፍሪጁን ከፍቶ ለማሳየት አያንገራግርም። በየጡጦው ላይ የልጁ ስምና የታለበበት ቀን ተጽፎ ይታያል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለእኛ ከተማ የግድ ነው፤ "መብራት ሲጠፋ ወተቱን ምን ታደርጉታላችሁ?" ጄኔሬተር አለን ያለ አለ። በረዶ የተሞላ ሳጥን ያሳየኝ አለ። "ቶሎ ይመጣል እኮ" ያለኝም አለ። የሁለተኛውን መልስ ከሁሉ አብልጬ ወደድኩት፣ ሰውየው ጥያቄውን ከእኔ በፊት አስቦበታልና።

*

የምወዳቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ ሞግዚት ነበሩ። "እትዬ፣ ከላክሁት ወተት ሌላ ምን ይቀምሳል?" አልኳቸው።

"ምንም፣ የኔ ልጅ። ሆዱን ሲነፋው ብቻ ጠብታ የአብሽ ውሃ።"

"ውሃስ?"

"ፀሐይ ሲበረታ አንድ ማንኪያ። ልጅ አይደል፣ ይጠማዋል።"

አነጋገራቸው እናትነት የሞላው ነበር። የራሳቸውን ልጆች ያሳደጉት እንዲሁ ነው፤ የእኔም እናት እኔን ያሳደገችኝ በአብሽ፣ በጤና አዳም፣ በለጋ ቅቤ ነው። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን ውሃው ሆዱን ሞልቶ ጡቱን ያስጥለዋል፤ ጀርሙም ከማንኪያው ጋር አብሮ ይገባል። ከእንደዚህ ያሉ እናት ጋር በቁጣ መነጋገር ሕፃኑን አይጠቅመውም፤ ከዚያ በኋላ እየደበቁ ነው የሚሰጡት። ምክንያቱን አስረድቶ፣ የጤና ጣቢያውን ምክር ጠቅሶ፣ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ይሻላል። ማቆያው ራሱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ይህን የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ የወላጁ ሥራ ግማሽ አለቀ።

*

"እንዴት ጸጥ ያለ ነው!" ይላሉ ጎብኚዎች፣ በተኙ ሕፃናት ክፍል በር ላይ ቆመው። እኔን ግን ጸጥታው ያሳስበኛል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የእንቅልፍ ሰዓቱ የራሱ ነው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል፤ ጤነኛ የጨቅላ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ድምፅ አለ። ሁሉም ሕፃን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚተኛ ከሆነ እንዴት እንደሚሆን እጠይቃለሁ። መደርደሪያ ላይ እንቅልፍ የሚያመጣ የሳል ሽሮፕ ካየሁም የማን እንደሆነ፣ ወላጁ የፈረመበት ወረቀት እንዳለ እጠይቃለሁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች እንዳይሰጡ ያስጠነቀቀው ትንፋሽን እስከ ማወክ ስለሚደርሱ ነው።

አተኛኘታቸውንም ቀርቤ አያለሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው ሳይሆን በጀርባቸው ወይም በጎናቸው እንዲተኙ መከረ፤ በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻ ተከተለ፤ በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። አዲስ መሣሪያ አልተፈለሰፈም፣ መድኃኒትም አልተገኘም፤ የተቀየረው ሕፃኑ የሚጋደምበት አቅጣጫ ነው። ጠንካራና ደልዳላ ፍራሽ፣ በጀርባ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ። በእኛ ዘንድ የሚያስቸግረው ጋቢው ነው። ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብለን ሕፃኑን እስከ ፊቱ እንሸፍነዋለን። ፍቅር ነው የሚያስሸፍነን፤ ትንፋሹን የሚያፍነውም ያው ጋቢ ነው። ፊቱ ተገልጦ፣ ልብስ ተደራርቦለት፣ ክፍሉ ራሱ ሞቆ መተኛት ይችላል።

*

በረኪና በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ መታጠቢያው ሥር ከተቀመጠ ሌላውን ሳላይ እወጣለሁ። ቡና በከሰል የሚፈላበት ክፍል ከሕፃናቱ ክፍል ጋር በአንድ ኮሪደር ከሆነም እንዲሁ። የከሰል ጢስ ባይታይም ይገድላል።

*

እ.ኤ.አ. በ1946፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለፈ በዓመቱ፣ የሕፃናት ሐኪሟ ኤሚ ፒክለር ቡዳፔስት ውስጥ አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፈቱ። ሞግዚቶቹን ያሠለጠኑበት መንገድ ዛሬም በብዙ አገር ይነገራል። ልጅን መቀየር፣ ማጠብና መመገብ ፈጥኖ ተጨርሶ ወደ "ትምህርቱ" የሚታለፍ ጣጣ አይደለም አሉ፤ ሕፃኑ ከአዋቂ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ዋናው ሰዓት ያ ነውና አይቸኮልበት፣ ሊደረግ ያለው ለልጁ ይነገረው፣ ምላሹ ይጠበቅ።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ በየማቆያው ዳይፐር ሲቀየር ቆሜ ለማየት እለምናለሁ። አንዷ ሁለቱን እግሮች በአንድ እጇ አንስታ፣ ጠርጋ፣ ለጥፋ፣ ከጓደኛዋ ጋር የጀመረችውን ወሬ ሳታቋርጥ ትጨርሳለች። ሌላዋ "እግራችንን እናንሳ? እሺ... ቀዘቀዘህ አይደል? አለቀ፣ አለቀ የኔ ጌታ" ትላለች፤ ልጁም ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል እግሩን ያነሳላታል። የሁለቱ የሰዓት ልዩነት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። በቀን አራት ጊዜ፣ በወር ደግሞ ሰማንያ ጊዜ ገደማ፣ አንዱ ሕፃን ከሰው ጋር ሲነጋገር ሌላው እንደ ዕቃ ሲገላበጥ ይከርማል። ከማቆያው ፕሮግራም፣ ከመጻሕፍቱ፣ ከመጫወቻው ሁሉ በፊት ይህን አምስት ደቂቃ አምናለሁ።

*

"ከስድስት ወር ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ።" የዚህ ዓይነት ማስታወቂያ ያለበት ቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ሞግዚት አየሁ። የማቆያው ባለቤት ክፍሉ ውስጥ ሳለች "ካም ሂር፣ ሲት ዳውን፣ ኖ፣ ጉድ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ባለቤቷ ስትወጣ አንዱ ልጅ አለቀሰ፤ አንስታ አዘለችውና "እሹሩሩ" ማለት ጀመረች፤ ከዚያም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለሚመጣው አባቱ ሳታቋርጥ አወራችው። በራሷ ቋንቋ ሺህ ቃል ያላት ሴት በሰው ቋንቋ አራት ትእዛዝ ብቻ ይዛ እንድትውል ተደርጋለች። ሕፃኑ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ተመራማሪ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የማንዳሪን ቻይንኛ ድምፆችን እንዲሰሙ አደረጉ። ከፊታቸው ተቀምጦ ካጫወታቸው ሰው የሰሙት ድምፆቹን ለዩ፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩትና በድምፅ ብቻ የሰሙት ምንም አልያዙም። ሕፃን ቋንቋ የሚማረው ከሚያጫውተው ሰው ነው። አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ይሁን ጉራጊኛ፣ የምታጫውተው ሴት ልቧ የሚፈታበት ቋንቋ ለልጁ የተሻለ ቋንቋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማንኛውንም የስክሪን ሰዓት አይመክርም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የእንግሊዝኛ መዝሙር የሚያሰማው ቴሌቪዥንም ለትምህርት ነው ቢባል አይታመን።

*

ካሜራ የገጠሙ ማቆያዎች በየጊዜው እየጨመሩ ነው። እስራኤል በማቆያዎች የተፈጸሙ በደሎች ከተጋለጡ በኋላ ከሦስት ዓመት በታች ሕፃናት የሚውሉባቸው ቤቶች ካሜራ እንዲገጥሙ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕግ አስገድዳለች። የምቃወመው ነገር የለኝም። ነገር ግን ቢሮ ተቀምጣ በስልኳ የምታይ እናት የምታየው ክፍሉን ከላይ ነው፤ የሞግዚቷን የድምፅ ቃና፣ የወተቱን ሙቀት፣ የልጁን ዳይፐር አታይም። "በፈለጉት ሰዓት ሳይደውሉ ይምጡ" የሚል ማቆያ በእኔ ዘንድ ከካሜራው ይበልጣል። "ልጆቹ ስለሚረበሹ ከአሥር ሰዓት በፊት አይፈቀድም" የሚለውን ቤት ግን ስንት ካሜራ ቢኖረው አልመርጠውም።

*

ከሁሉም ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ጠይቂ ብባል ለባለቤቱ ሳይሆን ለሞግዚቷ፣ "እህቴ፣ እዚህ ቤት ስንት ጊዜ ሆነሽ?" እላት ነበር። ሦስት ዓመት ያለች ካለች ብዙ ነገር ተመልሶልኛል። ሁሉም ወር ሁለት ወር የሚሉ ከሆነ ልጄ በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ የለመደውን ሰው ያጣ ይሆን?

ሞግዚት የምትለቀው አመል ስላላት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና የምትልበት ሥራ ደመወዝ ቤት ኪራይና ታክሲ ከፍሎ ትንሽም አይተርፈውም፤ ሁለት መቶ ብር የጨመረላት ቤት ሲገኝ ትሄዳለች። ብዙዎቹ የራሳቸው ልጅ አላቸው። "ልጅሽ የት ይውላል?" ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የምሰማው ገጠር፣ አያቱ ጋ ነው። ልጇን ማቆያው ውስጥ በነፃ ይዛ እንድትገባ የፈቀደላት ቤት አውቃለሁ፤ እዚያ ቤት ሞግዚቶቹ ይከርማሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቤን ይከነክነዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራና ለልጅ እንክብካቤ የምትሄድ ሴት ሠልጥና፣ ተመዝና፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) እንድትይዝ ጠየቀ። ሪያድ ወይም ዱባይ ያለ ሕፃን የሚይዘው እጅ እንዲመዘን ሕግ ጻፍን። ገርጂ ወይም ጀሞ ያለውን ሕፃን የሚይዘውን እጅ ወረቀት ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? ማቆያ ስጎበኝ ሲኦሲ ያላቸው ሞግዚቶች ስንት እንደሆኑ፣ ሕፃን ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ በእጃቸው ሊያሳዩኝ የሚችሉ ስንት እንደሆኑ እጠይቃለሁ። ያላትን ደግሞ ደመወዟ ከሌሎቹ ይለይ እንደሆነ።

*

ስምንት ወር ገደማ ሲሞላው በደስታ ይገባ የነበረው ልጅ በር ላይ መጮህ ይጀምራል። ወላጅ ይደነግጣል፤ ምን አድርገውት ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው እየሄዱ ሲመለከቱ ይህን በዝርዝር መዘገቡ። ሕፃኑ የራሴ የሚለውን ሰው ለይቷል፤ ሲለየው ያለቅሳል፣ ሲያገኘው ይጽናናል። እናም በር ላይ ያለው ልቅሶ ብዙ አያስፈራኝም። የማየው ከልቅሶው በኋላ ያለውን ነው። ሞግዚቷ እቅፍ ውስጥ ሲገባ ሰውነቱ ይለሰልሳል ወይስ እንደተገተረ ይቀራል?

ስዊድን ውስጥ ልጅ ማቆያ የሚጀምረው አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፤ አባትና እናት የሚካፈሉት 480 የፈቃድ ቀናት አሏቸው። ሲጀምርም ወላጁ ለቀናት አብሮት ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ለአጭር ሰዓት፣ ከዚያ ረዘም እያለ። ፈቃዱን ልናመጣው አንችልም። አብሮ የመቀመጡን ቀን ግን ማንኛውም የአዲስ አበባ ማቆያ ዛሬ ሊፈቅደው ይችላል። ሰኞ ጠዋት ሕፃኑን በር ላይ ተቀብሎ እናቱን የሚያሰናብት ቤት ለእናቱ ሰዓት እንጂ ለልጁ አላሰበም።

*

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ሴት ሠራተኞች ጡት የሚያጠቡበትና ሕፃናቸውን የሚንከባከቡበት ማቆያ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲኖር አዘዘ። ባየኋቸው መሥሪያ ቤቶች አንዳንዱ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሥዕልም የለበት፤ ከግል ቪላዎቹ ጋር ሲተያይ ያሳፍራል። ነገር ግን እናቲቱ ሁለት ደረጃ ወርዳ ታጠባለች። ማለቢያ አያስፈልጋት፣ ፍሪጅ አያስፈልጋት፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ አያሳስባት። በቀን ሁለቴ ሦስቴም ሳትጠራ በሩን ትከፍታለች። ለአራት ወር ሕፃን ከዚህ የተሻለ ጥራት አላውቅም።

*

ቤት ውስጥ ሠራተኛ ቀጥሮ መተው ይሻላል የሚል ብዙ ነው። ልጁ ከአልጋው አይነሳም፣ ብርድ አይመታውም። እውነት ነው፣ ሠራተኛዋ አዋቂ ከሆነች፣ ቡና የምታጣጣት ጎረቤት ካለች፣ ምግብ ማብሰሉና ልብስ ማጠቡ ለሌላ ሰው ከተሰጠ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንቀጥረው ከገጠር በመጣች በሳምንቷ፣ ራሷ ገና ልጅ የሆነች ሴት ነው፤ ሕፃኑን፣ ወጡን፣ ልብሱን፣ በሩን አስረክበናት ቆልፈንባት እንወጣለን። እዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ብቻቸውን ይውላሉ።

*

ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው እናት ልጇን ከኋላዋ በካርቶን አስተኝታ፣ በጃንጥላ ከልላ ታውለዋለች። ጡቷ አጠገቡ ነው፤ ይህን የቢሮ ሠራተኛዋ ልጅ አያገኘውም። የመኪናው ጢስና አቧራው ግን ቀኑን ሙሉ ፊቱ ላይ ነው። ከተማችን ልጆችን ለማሳደግ ከአፍሪካ ምርጧ እንድትሆን ታስቦ የቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራም መጀመሩ ደስ ይለኛል። የምጠብቀው አንድ ነገር ነው። ለዚህች እናት የሚሠራ ማቆያ ገበያው አጥር ሥር ይሁን፤ እሷ ዕቃ በምታወርድበት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይም ይከፈት።

*

አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ቤታቸውን ማቆያ አድርገው የሌላውን ልጅ ከገዛ ልጃቸው ጋር የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን እናቶች ብዙ ናቸው። እዚያም ችግሩ ሩቅ አይደለም፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ለወላድ የሚሰጠው አሥራ ሁለት ሳምንት ነው፣ ያውም ያለ ክፍያ። ግን የማቆያው የሥራ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የተቆጣጣሪው ሪፖርት ማንም ወላጅ ሊያነበው ክፍት ነው። እኛ ዘንድ ተቆጣጣሪው ምን እንዳየ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ያንን ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ምን ያህል ያስወጣል?

*

ጥሩ ማቆያ ወላጁን ይጠይቃል። የክትባት ካርዱን አምጪ ይላል። እንዴት ነው የሚተኛው፣ ታዝሎ ነው ተኝቶ? ሲርበው እንዴት ያለቅሳል? ከአንቺ ሌላ ማን ሊወስደው ይችላል፣ ፎቶውን አምጪ። ትኩሳት ቢይዘው ለማን እንደውል? ከጉብኝት ስመለስ የጠየቅሁትን ሳይሆን የተጠየቅሁትን እቆጥራለሁ። ስለ ክፍያ ቀን ብቻ የጠየቀኝ ቤት ልጄን ሊያውቀው አልፈለገም።

"ለማን እንደውል?" ለሚለው ቅጹ ሁለት መስመር አለው፣ የእናትና የአባት። ስልክ የሚደወለው ለእናት ነው። አባቱ ሥራው ከማቆያው አሥር ደቂቃ ቢርቅም፣ እናቱ ከተማው ዳር ብትሆንም። ቅጹን ስሞላ ባለቤቴን አስቀድሜ ጻፍኩ፤ ሞግዚቷ ግን ዛሬም የምትደውለው ለእኔ ነው።

*

አመሻሽ ላይ የመጨረሻውን ልጅ ይዛ የምትቀረው ሴት አለች። መንገዱ ተዘግቶ ወላጁ ዘግይቷል። ማቆያው ለዘገየበት ሰዓት ወላጁን ያስከፍላል፤ ትክክል ነው። ያ ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ በየሄድኩበት እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ "ለቆየችው ሠራተኛ ነው" ይላሉ። አንዳንዶቹ ጥያቄው ይገርማቸዋል። እሷም የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃታል፣ ልጅም ይጠብቃታል፤ በነፃ የቆየችበትን ሰዓት የምታሳልፈው የእኛን ልጅ ታቅፋ ነው።